ግንቡ ላይ የተንጠለጠለችው ጀልባ

ጀልባዋን መጀመሪያ ያዩዋት ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከፖርዝሌን ወደብ ወደ ደሴቱ ሊሻገሩ የመጡ መንገደኞች ናቸው። ስቴሬዴን የተባለችው ይህች ጀልባ፣ የባሕሩ ውሃ እንደ ዕለት ልማዱ ከሥሯ ሸሽቶ፣ በሁለት ገመድ ከወደቡ የድንጋይ ግንብ ላይ ተንጠልጥላ፣ በጎኗ ተጋድማ ነበር። ባለቤቷ ዓሣ አጥማጁ ታንጊ ሞርቫን ወለሏ ላይ፣ የሸርጣን ወጥመዶቹ ተከምረውበት ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል አዜኖር ለጎፍ ስትደርስ ገመዶቹን ማንም እንዳይነካ አዘዘች። የቋጠሮውን ዓይነትና የገመዱን ርዝመት በማስታወሻዋ ከጻፈች በኋላ በመሰላል ወረደች። ደሙን ለረጅም ጊዜ አየችው። ወደ ጎን አልፈሰሰም፤ ባለበት ረግቶ ደርቋል። ሲፈስ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር ማለት ነው፤ እንግዲያው ታንጊን የገደለው የጀልባዋ መጋደም አይደለም። በመጨረሻ ቀጭን ዘንግ ወደ ናፍጣው ቋት ሰደደች። ዘንጉ እስከ ቋቱ አፍ ድረስ ርሶ ወጣ።

ወደቡ ግን ያለ ዳኛ ፈርዶ ጨርሷል፦ ገዳዩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሪዋል ነው። አባታቸው ጀልባዋን ለታላቁ ብቻ ካወረሱ ወዲህ ሪዋል በወንድሙ ጀልባ ላይ እንደ ቅጥረኛ ሲሠራ ኖሯል። ትናንት አመሻሽ ላይ ይዟት ወጥቶ ናፍጣዋን አሟጦ ቢመልሳት፣ ታንጊ ቡና ቤቱ ውስጥ በሰው ፊት አዋረደው። ሪዋልም «አንድ ቀን የእኔ ትሆናለች» ብሎ ወጣ። ይህን የሰማ ሁሉ ዛሬ ምስክር ሆኗል። ሪዋልን የሚወስደው የፖሊስ መኪና በሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነው።

«ትቀናበት ነበር?» አለችው አዜኖር።

«ሃያ ዓመት ሙሉ። ቅናት ቢገድል ኖሮ ታንጊ ገና በልጅነቱ ይሞት ነበር።»

«ዛሬ ንጋት የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ፣ ብቻዬን። ማስረጃ እንደማይሆነኝ አውቃለሁ።»

የመርከብ ትኬት የምትሸጠው ማይዌን ቅዳሜ የታንጊ ሙሽራ ልትሆን ነበር። እሷም ሪዋልን ቀና ብላ ለማየት አልፈለገችም። አባቷ ካራዴክ ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው መርከብ አዛዥ ናቸው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሁለት መርከበኞቻቸው ጋር ሞተር ሲፈቱ እንደነበር ተረጋገጠ። «ዓሣ አጥማጅ አማች አልፈልግም ያልኩት ልጄን መበለት ያደርግብኛል ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ይኸው፣ ሳያገባት አደረጋት።»

የቀረው ተጠርጣሪ ጉልቬን ነው፤ የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያው ኃላፊ። ማይዌን ለታንጊ ብላ ሳትተወው በፊት ስድስት ዓመት እጮኛዋ ነበር። ታንጊን ካየው ሁለት ቀን እንደሆነው ተናገረ። እዚያው ያለውን የናፍጣ ማደያ ማን እንደሚከፍት ስትጠይቀው በኩራት ከአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አሳያት፤ በወደቡ ሌላ ማደያ የለም፣ ሌላ ቁልፍም የለም። ስለ ማይዌን ስትጠይቀው ብቻ የያዘውን ብዕር ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ።

«የቆየ ነገር ነው፣ ሻምበል። ሰርጋቸውም ላይ ተጠርቻለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም ማቆሚያው ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ስቴሬዴንን ያሰራት ሰው ታንጊ ራሱ ተመልሶ አስሯት፣ ከዚያ አዳልጦት የወደቀ እንዲመስል ፈልጓል» አለች። «ገመዶቹ ልክ የሚሆኑት ውሃው ሞልቶ የግንቡን ጫፍ ሲነካ ብቻ ነው። ዛሬ ያ የሆነው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ አሳሰሯ ያምር ነበር። ውሃው ሲጎድል ግን ተንጠለጠለች። ካራዴክ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያስሯታል?»

«ገመዱን አስረዝሜ ነዋ። ስድስት ሜትር ትወርዳለች።»

«ሪዋልም ቢሰክር እንኳ እጁ ያስረዝመዋል። አሁን ዙሪያችሁን እዩ።»

ስልሳ ጀልባዎች ከመድረኩ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል፤ የአንዱም ገመድ ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

«እዚህ ስህተት አይደለም። መድረኩ ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በዚህ ወደብ በየቀኑ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ውሃ እንደሚጎድል ሕፃንም ያውቃል» አለ ጉልቬን። «ሪዋል በእኔ ለማላከክ አሳጥሮ ቢያስርስ?»

«ናፍጣውስ? ሪዋል ትናንት ጀልባዋን ባዶ አድርጎ መልሷታል፤ ቡና ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። ዛሬ ግን ቋቱ እስከ አፉ ሞልቷል። ታንጊ ንጋት ላይ እዚህ ቆሞ ቀድቷል፤ ማደያውን የከፈትክለት አንተ ነህ፤ ለእኔ ግን ካየሁት ሁለት ቀኔ ነው አልከኝ። እዚሁ መታኸው፣ ጀልባዋን ወደ ግንቡ ወሰድካት፣ በችኮላ አሰርካት። ጭንቅላትህ ውሃ እንደሚጎድል ያውቃል፤ እጅህ ግን የለመደውን ሠራ።»

ማይዌን ከጉልቬን አንድ እርምጃ ራቀች። እሱም አያት።

«ስድስት ዓመት ካንቺ ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ» አላት ቀስ ብሎ። «ታንጊ ግን ሰርጌ ላይ አጠገቤ ትቆማለህ አለኝ፤ እየሳቀ፣ ናፍጣውን እየቀዳ። ትንሽ እንኳ አልቀናብኝም፣ ማይዌን። ትንሽ ቢቀናብኝ ኖሮ እተወው ነበር።»

ሁለት ፖሊሶች ወሰዱት። ማይዌን ወደ ሪዋል ዞራ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም «ተይው፣ እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አላት።

አዜኖር ማስታወሻዋን ዘግታ ነፃ መሆኑን፣ ሌላ ወራሽ ስለሌለ ጀልባዋም ለእሱ እንደምትሆን ነገረችው።

ሪዋል ወደ ግንቡ ዞረ።

«ቅድም ሃያ ዓመት ቀናሁ ያልኩዎት በጀልባዋ መስሎኝ ነበር» አለ። «አሁን ጀልባዋ አለች። የምቀናበት ሰው ነው የጠፋው።»