የሁሪያ ተራ

«ይቺኛዋስ የማን ናት?» አለ ቲቸር ኃይለመለኮት፣ አንዱን የጫማ ካርቶን ክዳን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ።

ክዳኑ ላይ አንድ ሰው በተደረደሩ ካርቶኖች ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። አፉ በትንሹ ተከፍቷል፤ አንድ እጁ ካልኩሌተሩ ላይ እንዳረፈ ቀርቷል። ሰውየው የሉብና አባት ነው። በከሰል የሳለችውም ሉብና ናት። ከታች በቀኝ በኩል ግን በጥቁር እስክሪፕቶ «ሁ» ተብሎ ተጽፏል።

ሉብና አፏን ልትከፍት ስትል አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ሁሪያ ቀደመቻት።

«የኔ ናት ቲቸር።»

እንዲህ ነው ያለችው፣ ዘና ብላ። ስሟን የተጠየቀች እንጂ የምትዋሽ አትመስልም ነበር።

ቲቸር ኃይለመለኮት ሰዓሊ ነው፤ የሰፈሩን ወጣት ማዕከል የክረምት ስዕል ክፍል ያስተምራል። ተማሪዎቹ የሠሩትን ሁሉ አምጥተው እንዲደረድሩ ያዘዘው ለጳጉሜ መጨረሻው ኤግዚቢሽን ለመምረጥ ነው። ከሁሉም በልጦ የተገኘ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ስቱዲዮ እየሄደ ይማራል። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሉብና ይህን ከሰማች ወዲህ ቅዳሜዎቿን ሁሉ በሐሳቧ እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ስታሳልፍ ከርማለች።

«ያንቺዎቹም ንጹሕ ናቸው ሉብና» አለ፣ «ሉ» ከተጻፈባቸው ክዳኖች አንዱን እያነሳ። «ግን ትፈሪያለሽ። አንዱን መስመር ደጋግመሽ ትሄጂበታለሽ። ጓደኛሽን እያት፤ እጇ አይፈራም። ቅዳሜን ለሷ ብሰጣት አትቀየሚኝም አይደል?»

አይፈራም የተባለው እጅ የሉብና የራሷ እጅ ነው። ኪሷ ውስጥ ከትታ ጨበጠችው።

ነገሩ የተጀመረው የሰኔ ፈተና ባለቀ ማግስት ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ተማማሉ፤ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ ስዕል፣ አንድ ቀን ሉብና፣ አንድ ቀን ሁሪያ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። የሚሳለው ከመርካቶ ተራዎች ካንዱ መሆን አለበት፤ ከሚስማር ተራ፣ ከቅመም ተራ፣ ከምናለሽ ተራ። «ተራውን በየተራ!» ብላ ሁሪያ በራሷ ቀልድ ስትንፈቀፈቅ ነበር። ወረቀት መግዛት አላስፈለጋቸውም። የሉብና አባት ጋሽ ኑሪ ጫማ አከፋፋይ ስለሆኑ ሱቃቸው ውስጥ የካርቶን ክዳን እንደ ጉድ ነው።

ከዚያ በሐምሌ የሁሪያ እናት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። መንታ ወንድሞቿን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ሉብና ማንም ሳይጠይቃት በሁሪያ ተራ ሳለችላት፤ «ሁ» ብላም ራሷ ጻፈችበት። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣችው ሁለቱም ያውቃሉ። የሁሪያ አባት ጋሽ ሙናዊር የጫማ ተራ ጫኝና አውራጆች ተራ አስከባሪ ናቸው። መኪና ሲገባ ተራው የደረሰው ወዛደር ከታመመ፣ ጓደኛው ይሸከምለታል፤ ሸክሙን ሲያወርድም የራሱን ስም ትቶ የታመመውን ስም ይጠራል። ሥራው የሚቆጠረው ለታመመው ነው። ተራ መሸፈን ይሉታል። የሸፈነ ሰው ከዚያ በኋላ «እኔ እኮ ነኝ የተሸከምኩት» ቢል እንደ ነውር ይታይበታል፤ ሻይ አብሮት የሚጠጣ አያገኝም።

የሁሪያ እናት ድነው ቤታቸው ገቡ። ሁሪያ ግን ወደ ተራዋ አልተመለሰችም። «ሉብዬ፣ ለዛሬም ሸፍኚልኝ» ትላለች። አንድ ቀን ጸጉሯን ልትሠራ ነው፣ ሌላ ቀን የአክስቷ ልጅ ኒካህ አለ፣ ሌላ ቀን እንዲሁ ደብሯታል። ሉብናም ሸፈነች። ቀን እንዳይዘለል ብላ ነው፤ ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ደስ ይላት ነበር። በራሷ ተራ ስትስል ቲቸር ምን ይለኛል እያለች ስታጠፋና ስትደልዝ ትውላለች። በሁሪያ ተራ ግን ቢበላሽም የሷ አይደለም፤ እጇ እንዳሻው ይሄዳል። አባቷንም የሳለቻቸው እንደዚያ ነው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ሳይነቁባት በጥድፊያ።

ከማዕከሉ ሲወጡ ካፊያ ጀምሯል። ሉብና፣ ሁሪያ ራሷ ነገሩን ታነሳዋለች ብላ ጠበቀች። ሁሪያ ግን ጭቃውን እየዘለለች ለኤግዚቢሽኑ ስለምትለብሰው ቀሚስ ታወራለች።

«ሁሪያ፣ አባቴን እኮ ነው የሳልኩት» አለች ሉብና በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት የኔ ናት ትያለሽ?»

«ምን ልበል? ‹ሁ› ይላል። አይ የኔ አይደለችም ብለው ሁለታችንንም ውሸታሞች ናችሁ አይለንም?» ሁሪያ ቆም አለች። «ደግሞ ተራው የኔ ነበር።»

«የሳልኩት እኔ!»

«ሸፈንሽልኝ። የሸፈነ ሰው አያወራም። አባቴ ቢሰማሽ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።»

«ዞር! ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ካርቶን እስከ ሰማይ የቆለለ ወዛደር ነበር። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉት። ሉብና ምናልባት ሰውየው ሲያልፍ ሁሪያ ታፍራለች ብላ ተስፋ አደረገች።

«አታካብጂ አቦ» አለች ሁሪያ፣ ድምጿ ግን ዝቅ ብሎ። «ቤታችን ምን እንደነበረ አይተሻል። ወላሂ ይሄን ክረምት አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ዛሬ ብቻ። አንቺን አባትሽ ሌላ ቦታ ከፍሎ ያስተምርሻል። አንድ ነገር ለኔ ቢሆን ምን ትሆኛለሽ?»

ሉብና አዘነችላት፤ ማዘኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «ቅዳሜ ስቱዲዮ ገብተሽ ‹በይ ሳዪ› ሲልሽስ?»

«እስከዛ እለምዳለሁ። አንቺ ታሳዪኛለሽ።»

ይህን ስትል ስቃ ክንዷን በሉብና ክንድ ውስጥ አስገባች፣ እንደ ወትሮው። ሉብና ክንዷን አላወጣችም። ለምን እንዳላወጣች ቤት እስክትደርስ ራሷን ስትጠይቅ ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ሄዳ የስዕሉን ፎቶ ከስልኳ ለአባቷ አሳየቻቸው። ጋሽ ኑሪ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«እኔ ነኝ እንዴ? ማነው እንዲህ ያደረገኝ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ታዲያ ይሄ ‹ሁ› ምንድን ነው?»

ነገረቻቸው፣ ከሆስፒታሉ ጀምሮ እስከ ቅዳሜው ቦታ ድረስ። ጋሽ ኑሪ መጀመሪያ ሳቁ። «እኔን ደግሞ ለሙናዊር ልጅ ሰጠሽኝ?» ልጃቸው አለመሳቋን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«‹ሁ› ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ማንም እጅሽን ይዞ አላጻፈሽም?»

«አላጻፈኝም።»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትዪው? ሙናዊርን ልጅህ ሌባ ናት ልበለው? ዕቃዬን በዝናብ በፀሐይ የሚያወርዱልኝ የሱ ሰዎች ናቸው። ተራ ሸፍነሽ ስታበቂ ‹መልሱልኝ› ማለት ደግሞ እዚህ ሰፈር ታይቶም አይታወቅም። ተይው ልጄ፣ ለአንድ ክዳን ብለሽ ከሰው አታጣዪኝ።»

ለአንድ ክዳን አሉ። ሉብና አባቷ ከሷ ጋር ቆመው እንደሚቆጡላት እርግጠኛ ሆና ነበር የመጣችው። ደንበኛ ገባና ጋሽ ኑሪ ተነሱ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ዞር አሉ።

«ለመሆኑ እውነት አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው?»

«አዎ አባ።»

«ሙናዊር አይቶ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው በይኛ» አሉና ወደ ደንበኛቸው ሄዱ።

ከካርቶኖቹ ክምር ጀርባ ገብታ አለቀሰች። በሁሪያ ተናዳለች፣ በአባቷ ተናዳለች፣ ከሁሉም በላይ ግን ያኔ በገዛ እጇ አሳምራ በጻፈቻት «ሁ» ተናዳለች። በሳምንቱ መጨረሻ ለቲቸር ልትነግረው ወደ ማዕከሉ ሄደች። መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር ሲመታ አገኘችው። «ኦ ሉብና! ሁሪያ ነገረችኝ እኮ፣ ክዳን የምታመጪላት አንቺ ነሽ አሉ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ማን አለው?» አላት። ሚስማር እያቀበለችው ቆይታ ተመለሰች።

የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ሁሪያ በቴሌግራም ድምፅ ላከችላት። «ሉብዬ፣ የመጨረሻዋ ክዳን ዛሬ ናት። ቲቸር መሀል ላይ ቦታ ትቶላታል፣ ደግሞ በኔ ተራ ነው የወደቀችው። እኔ እጄን ሂና ተቀብቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ምንም መንካት አልችልም። በቃ የመጨረሻ ነው፣ ወላሂ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ደስ የሚል ነገር ይሁን እሺ?»

ሉብና ሱቁ ውስጥ ውስጡ ነጭ የሆነ፣ ምንም ያልነካው ክዳን መርጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከበሩ ማዶ አንድ ወዛደር ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ፣ ተራውን እየጠበቀ፣ በቆሎ ይግጣል። ከየት እንደምትጀምር አውቃዋለች፤ ከጉልበቱ። ከሰሉን አንስታ ክዳኑ ላይ አስጠጋችው። እጇ መሄድ ፈልጎ ነበር። ቆየችና ከሰሉን አስቀምጣ እስክሪፕቶ አነሳች። ጥጉ ላይ «ሁ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ክዳኑንም ከሰሉንም በፌስታል ጠቅልላ ወጣች።

ማዕከሉ በሰው ተሞልቷል። የአባቷ ስዕል ፊት ለፊት ተሰቅሎ ከሥሩ «ሁሪያ ሙናዊር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሽ ሙናዊር የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ሥሩ ቆመዋል፤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይጎትታሉ። «የልጄ ናት! ኑሪ እኮ ነው፣ ቁርጥ እሱን! ሲያንኮራፋ ይሰማል እኮ!» ደስታቸው እውነተኛ ስለነበር ሉብና ልትጠላቸው አልቻለችም።

ሁሪያ በሰው መሀል እየተሽሎከሎከች መጣች። ሂናው ደርቆ ተራግፏል፤ እጇ ላይ አበባው ቀይ ሆኖ ወጥቷል።

«አመጣሽው?»

ሉብና ፌስታሉን ሰጠቻት። ሁሪያ ክዳኑን አወጣች፤ ገለበጠችው። በጀርባው የጫማ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መልሳ ገለበጠችው።

«የታለ ስዕሉ?»

«ተራሽ ነው» አለች ሉብና።

«እየቀለድሽ ነው? ሰው ሁሉ እኮ መጥቷል!»

«ከሰሉም አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ።»

የሁሪያ ዓይኖች እንባ ሞሉ። አባቷን አየች፣ ቲቸርን አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትነግሪዋለሽ?» አለች።

«አልነግረውም። የሸፈነ ሰው አያወራም።» ሉብና ይህን ስትል የሚያስደስታት መስሏት ነበር። አላስደሰታትም።

«ሁሪያ!» ቲቸር ኃይለመለኮት ከግድግዳው አጠገብ መዶሻውን እያወዛወዘ ተጣራ። «የመጨረሻዋስ? ሚስማሩ እኮ ባዶውን ቀረ!»

ሁሪያ ክዳኑን ደረቷ ላይ አስደግፋ እንደቆመች ሉብና በሩን ከፍታ ወጣች። ካፊያው አላባራም። ከኋላዋ ቲቸር አንዴ ደግሞ ሲጣራ ሰማች፤ መልሱን ለመስማት ግን አልቆመችም። ነገ መስከረም አንድ ነው፤ የተማማሉበት ክረምት ቢያልቅም ተራው የሷ ነው። አባቷ ሱቁን ሳይዘጉ ደርሳ ክዳን መምረጥ አለባት።