የደንበኛዋ ቀጠሮ

«ማነው ይህን ጉድ የሰፋው? እጁን ይቁረጠው!»

ልጅቷ ከሱቅ ያመጣችውን ዳቦ እንዳቀፈች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አያቷ ከመስኮቱ ሥር፣ ስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የዩኒፎርም ጉርዷን እየተረተሩ ነው። ነገ ክፍሏን ወክላ ተማሪው ሁሉ ፊት ቆማ ትከራከራለች፤ ያላት ጉርድ ደግሞ ያ ብቻ ነው።

«አባባ! የኔ እኮ ነው!» ብላ ከእጃቸው መነተፈችው።

አያቷ ኩርምት አሉ። «ይቅርታ ልጄ፣ ደንበኛ መሆንሽን አላወቅሁም።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ስሟን አንዳንድ ቀን ያውቁታል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋቸዋል፤ ያገኙትን ጨርቅ መተርተር ግን አልረሱም። ባለፈው ሳምንት ተራው የመጋረጃው ነበር። እናቷም ሳትወድ ቁርጧን አሳውቃለች፤ ዛሬ አጎቷ መጥቶ ስፌት መኪናውን ይወስደዋል።

ልጅቷ ጉርዱን አገላብጣ አየችው። የተተረተረው ወገቡ ብቻ ነው። ወገቡ ከጠበባት ቆይቷል፤ እናቷን ላለማስጨነቅ ብላ በየጠዋቱ ትንፋሿን ይዛ ትቆልፈው ነበር። ማንም ያየ አይመስላትም ነበር።

ጉርዱን መልሳ መኪናው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ» አለች፣ ድምጿን ቆፍጠን አድርጋ፣ «ወገቡ ጠቦኛል። ለነገ ይደርስልኛል?»

የሽማግሌው ፊት በራ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ለኳት። «ውስጡ ይህን ያህል ትርፍ ጨርቅ እያለ! ልጅ እንደምታድግ አያውቁም እንዴ? ደረሰ በይው፣ ነገ ነይ።»

«የልብስ ሰፊ ነገ እኮ አያልቅም!»

ከት ብለው ሳቁ። «አንቺንስ አላመላልስሽም።»

እግራቸው መርገጫውን አገኘ፤ እጃቸውም ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ቀጠለ። መሃል ላይ ማን እንደሆነች ጠየቋት።

«ደንበኛዎ ነኝ» አለች።

ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ጠመም ብሏል፤ ሹራቧ ይሸፍነዋል። ጉርዱን ለብሳ እንደ ልቧ ተነፈሰች። ደስ አላት።

እናቷ ከሥራ ስትገባ ቀጥታ ወደ መኪናው አየች። «አጎትሽ መንገድ ላይ ነው። ክሮቹን ሰብስቢልኝ።»

ልጅቷ ክሮቹን አልሰበሰበችም። ቁም ሣጥኗን ከፍታ እጅጌው ያጠራትን ጃኬት አመጣችና አያቷ ፊት ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄስ መቼ ይደርሳል?»

«ነገ ነይ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ሰማሽ እማ? ቀጠሮ አለኝ። ለአጎቴ እኔ እነግረዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ሥራ አቀብላቸዋለሁ።»

እናቷ ሽማግሌ አባቷን አየች፤ እንዲህ ተመስጠው ካየቻቸው ቆይታለች። በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ልትከፍት ስትሄድ፣ እናቷ የተተረተረውን መጋረጃ አንስታ ጃኬቱ ላይ ደረበችው።

«ይሄንንስ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው መጋረጃውን ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጅቷ ትቀድማለች» አሉ። «አንቺ ከነገ ወዲያ ነይ።»