ብሬከሩን ማን መለሰው?

ሟቹ የተገኘው በሬጅስትራሩ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ቁም ሣጥን ከሚያህለው የኔትወርክ መደርደሪያ ሥር ነው። በእጁ የተላጠ ሽቦ ይዟል። የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ አሥራ ሁለት ዓመት የጠገነ ሰው ኤሌክትሪክ ሳያጠፋ ሽቦ ነካ? ሞኝህን ፈልግ! ፎቅ ወጥቶ ብሬከሩን፣ የኤሌክትሪክ ማጥፊያውን፣ አጥፍቷል፣ የብሬከሩን ሣጥን ቆልፏል፣ ቁልፉንም ኪሱ ከቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሕግ ይኸው ነው፤ ጥገናው እስኪያልቅ ቁልፉ ከጠጋኙ ኪስ አይወጣም። ቁልፉ አሁንም እዚያው ነው። ሣጥኑ ግን ተከፍቶ ብሬከሩ ተመልሷል።

ሁለተኛ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የግቢው ኤሌክትሪሺያን፣ የሟቹ የእህቱ ባል። ሁለቱ ሰሞኑን ተጣልተው ግቢው ሁሉ ሰምቷል። እጁ ካቴና ገባ። «ቁልፍህስ?» ሲባል «ጠፋብኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ ነፍታ እውነቱን ስለምታስቀር። ከመኪና ሳትወርድ የሟቹ እህት በሩን ያዘችባት።

«እግርዎ ላይ ልውደቅ! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜን እቀብራለሁ። ባሌ ገደለው ካላችሁኝ እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ። ቁርጤን ንገሩኝ!»

«ሳላውቅ አልናገርም፣ የኔ እህት» አለቻት መርማሪዋ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የቴክኒክ ድጋፍ ስልክ የምታነሳዋን ልጅ ነው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምዝገባው የሚዘጋው ትናንት ነበር። ሽቦው መቃጠል ጀምሮ ነው እንጂ በዚያ ቀን ማን ያጠፋል? ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሲያጠፋው ሕንጻው ሁሉ ተንጫጫብኝ። ‹ታገሡ፣ እየሠራ ነው› ብል ማን ሰምቶ! የሬጅስትራሩ ኃላፊማ አራቴ ደውለው ስድብ አጠጡኝ።»

መርማሪዋ የጥሪ መዝገቡን በጣቷ ተከተለች። «ሁሉም የሞባይል ቁጥር ነው። በቢሮ ስልክ የደወለ የለም?»

«በምን ይደውላሉ? የቢሮ ስልኮቹ የሚሠሩት በዚያው ኔትወርክ ነው። መደርደሪያው ሲጠፋ አብረው ድርግም ይላሉ።»

«መቼ ተመለሰ?»

«ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። መሣሪያው ራሱ መዝግቦታል።» ሞባይሏን ዘረጋችላት። «ሲመለስ እኮ ደስ ብሎኝ ‹ተባረክ› ብዬ መልእክት ላክሁለት።»

የሬጅስትራሩ ኃላፊ ቢሮ ፎቅ ላይ፣ ከብሬከር ሣጥኑ ሦስት በር ያህል ርቆ ነው። ሁለት ሞባይል ፊታቸው ደርድረዋል፤ የጠረጴዛው ስልክ በወረቀት ክምር ተከቧል።

«ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም» አሉ የጠረጴዛውን ስልክ መታ መታ እያደረጉ። «በዚህች ከአንድ ወላጅ ጋር ስነታረክ ነበር። የሽቦ ነገር አላውቅበትም።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። በስድስት ሰዓት ሁሉንም፣ ኤሌክትሪሺያኑንም ከነካቴናው፣ ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። እህትየው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች።

«ብሬከሩን የመለሰው ሰው ሊገድል አልመጣም» አለች መርማሪዋ። «ሊገድል ቢመጣ ሣጥኑን መልሶ ቆልፎ ሥራውን ይሸፍን ነበር። ይኼኛው ግን እንደከፈተው ትቶ ወደ ጉዳዩ ሮጠ። የቸኮለው ለኔትወርኩ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠጋኝ የቆለፈውን ብሬከር በራሱ እጅ አይመልስም፤ ሕጉን ያውቃል። ይህችም ልጅ ሰውየው ሥራ ላይ እንዳለ ለደወለ ሁሉ ተናግራለች፤ ይኼ ያንን ሰምቶ መታገሥ ያቃተው ሰው ነው።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ በጠረጴዛ ስልክ ሳወራ ነበር አሉኝ። ያ ስልክ እስከ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት በድን ነበር። በሞባይል ስለለመዱ መጥፋቱን እንኳ አላዩም።»

ኃላፊው ጮኹ። «ጨርሶ ብሬከሩን ረስቶ የሄደ መሰለኝ! ያ ሁሉ ተማሪ ሳይመዘገብ ሊቀር ሆነ… አፈር ልብላ!»

«ቁልፉን ከየት አመጡት?»

የኃላፊው ዓይን ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ካቴና ሄደ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ ጠፋብኝ ያልሁት አፍሬ ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ጮኹብኝ። ወርጄ ‹ጨረስክ ወይ?› ልለው ይገባ ነበር፤ ግን ተኮራርፈናል። ቀድሜ እኔ ላናግረው? ብዬ… ቁልፉን አቀበልኋቸውና ዞሬ ሄድሁ።»

መርማሪዋ ካቴናውን ፈታችለት። ሚስቱ ከደረጃው ተነስታ መጣችና የቀላውን የእጁን አንጓ አሸችለት።

«አልገደልከውም» አለችው እንባዋ እየወረደ። «ተመስገን፣ አልገደልከውም።»

ከዚያ እጁን ለቀቀችው።

«ቀብሩ ላይ ግን እንዳትመጣ። አልችልም።»

ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።