መዳፍ ላይ የተጻፈ ቀን

«አባባ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝማ።»

መምህር ዐብዱልከሪም እሺ ብለው ዘረጉ። ረውዳ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ «ማክሰኞ፣ ኅዳር 14፣ 2008» ብላ ጻፈች። ስለኮረኮራቸው ሳቁ።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ሃጂራ?»

«ቀኑን ሲጠይቁዎት እዚህ አይተው ይናገሩ።»

ሃጂራ የረውዳ እናት ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል። ከዚያ ወዲህ ረውዳን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ከዐረፋ ጀምሮ ግን «ረውዳ» የሚለው ስም ጭራሽ ጠፍቷቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ታርማቸው ነበር፤ አሁን ሃጂራ ሲሏት አቤት ትላለች። ምነው አንዴ እንኳ በስሜ ቢጠሩኝ እያለች ትመኛለች። አብሯት የሚኖር ሰው ይናፍቃታል ቢባል ማን ያምናል?

ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች አእምሮን በማግኔት እያነቃቁ የመርሳት በሽታን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ የሚያጠኑ ናቸው። ታዲያ ያገኙትን ሁሉ አይወስዱም። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት አይገባም። በሽታው ገና ጅምር መሆን አለበት፤ በጥያቄ ተፈትኖ ከሠላሳው ሃያ ያላመጣ፣ ቤተሰቡን መለየት ያቃተውም ይመለሳል። እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ከኢንተርኔት ፈልጋ ያመጣችላት የክፍል ጓደኛዋ ዝማሬ ናት። «አትጨናነቂ ባክሽ፣ አንዲት አጤሬራ ትበቃቸዋለች» ያለቻትም እሷው ነች።

ረውዳ ኮርጃ አታውቅም። ስትጀምር ደግሞ በማን እንደጀመረች እዩልኝ! ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ባስተማሩ፣ ፈታኝ ሲሆኑ የተማሪ ካልሲ ሳይቀር ያስወልቁ በነበሩ ሰው።

ዶክተር ሸዋአየሁ ሁለቱንም አስገባቻቸው። ቅጹ ላይ የፈረመው አጎቷ ቡሽራ ቢሆንም፣ አብራቸው የምትውለው ረውዳ ስለሆነች ስለሳቸው የምትጠየቀው እሷ ናት።

«አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ዐብዱልከሪም መስኮቱን አዩ። ረውዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይሄኔ መዳፋቸውን ገልጠው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወገባቸው ቀና፣ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ይህን የጻፈ ማን ነው?»

ወደ ረውዳ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ! ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ዘጠነኛ... ዘጠነኛ ሐ።»

«ስምሽ?»

«ረውዳ ያሕያ።»

«ረውዳ!» አሉ፣ በዚያ በድሮው ሙሉ ድምፃቸው። «ሸጋ ልጅ ትመስያለሽ፤ ምነው ታዲያ? ካላወቅሽው ባዶውን ትተይዋለሽ እንጂ ይህ ምንድን ነው? ሁለተኛ እንዳይለምድሽ፣ ረውዳ!»

ሁለት ጊዜ ጠሯት። ሁለት ወር ሙሉ ስትናፍቀው የኖረችው ስም ይኸው ከአፋቸው ወጣ፤ የጠሩት ግን የልጅ ልጃቸውን ሳይሆን አንዲት ኮራጅ ተማሪ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እሺ፣ መምህር» አለች።

ዶክተር ሸዋአየሁ አልተቆጣችም። መዳፋቸውን በአልኮል ጠርጋ እንደገና ጀመረች። ቀኑንም ዓመቱንም አላወቁትም። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ሲወርዱ ግን አንዴም አልተሳሳቱም። ዶክተሯ ደመረችና ፈገግ አለች።

«ልክ ሃያ። አሁን የቀረው ያንቺ መልስ ነው» አለቻት ረውዳን። «ቤት ውስጥ ስምሽን ያስታውሳሉ? አሁንማ ሲጠሩሽ ሰምቻለሁ።» እስክሪብቶዋ «አዎ» የሚለው ሣጥን ላይ ደርሷል።

ረውዳ አያቷን አየቻቸው። የተጠረገ መዳፋቸውን እያገላበጡ ያያሉ። አዎ ብትል ማን ውሸታም ይላታል? ጠርተዋታል እኮ! አዎ ካለች ይገባሉ። ከገቡ ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ የሚጠሯት እሷን ራሷን ይሆናል። ልቧ አዎ በይ፣ አዎ በይ አላት።

«እኔ ስለነገርኳቸው ነው የጠሩኝ» አለች። «ቤት ውስጥ ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ሃጂራ ነው የሚሉኝ፤ እናቴን።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። «ይህን ከጻፍኩት እኮ...»

«አውቃለሁ» አለች ረውዳ። «ይጻፉት።»