ይህ ቤት ምን ያስገባል?

«ይህ ቤት ለከተማው ምን ያስገባል?»

ፊልሞን ለብርሃነሽ መጀመሪያ የተናገራት ይህንኑ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። እሷ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ እሱ ደግሞ ቤቱ ይቀጥል ወይስ ለሱቅ ይከራይ የሚለውን እንዲያጠና የተላከ ባለሙያ።

«ገቢ ከፈለጉ ገበያው ወዲያ ነው» አለችው።

አፈረ። ይቅርታ ጠይቋት ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት ማን እንደሚመጣ፣ ኢንተርኔት ባላቸው ስድስት ኮምፒውተሮች ማን ምን እንደሚሠራ ሲጠይቅና ሲጽፍ ከረመ። ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ወርደው አብረው ዓሣ መብላት ጀመሩ። ሲዘገይባት በሩን በሩን ማየቷን ብርሃነሽ ለራሷም አላመነችም።

ለውሳኔው ስብሰባ አንድ ቀን ሲቀር ፊልሞን በሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ የተተየበ ወረቀት አየች። «ቤቱ ለንግድ ቢውል ይሻላል» ይላል። ከግርጌው የፊልሞን ስም አለ።

ሲመጣ ሊያስረዳት ቢሞክርም አልሰማችውም፤ ዓሣ የጋበዛት ወሬ ሊለቅም እንደሆነ ነግራው በሩን አሳየችው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ፊልሞን ሲነሳ ብርሃነሽ መሬት መሬቱን አየች።

«ይህ ወረቀት እኔ ለጥናቱ ከመምጣቴ በፊት በቢሮ የተዘጋጀ ነው» አለ። «ስሜ አለበት፤ እኔ ግን አልፈርምበትም።»

አለቃው ሊያቋርጡት ሞከሩ። እሱ ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሽታዬ የዩኒፎርም አቆራረጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ተምረው ዛሬ አራት ሴቶች ቀጥረው እንደሚያሠሩ፣ በዚያ ዓመት ሠላሳ አንድ ወጣቶች የሥራ ማስታወቂያ እዚያው አይተው እንደተቀጠሩ ተናገረ። ይህ ከሱቅ ኪራይ እንደሚበልጥም አስረዳ። ወይዘሮ ሽታዬ ከኋላ ተነስተው እውነት ነው አሉ።

ቤተ መጻሕፍቱ ተረፈ። ፊልሞን ግን በሳምንቱ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ።

ብርሃነሽ የሰማችው በሚሄድበት ጠዋት ነው። መናኸሪያ ስትደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። መስኮቱን መታች።

«የወረቀቱን ነገር ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ሰማሽኝ...»

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።» እንባዋ ቀደማት። «ሂድ፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ና። ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ።»

ወራት አለፉ፤ ፊልሞን ቅዳሜን አላጎደለም። ክረምት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦበት ቀረ። እሑድ ወደ ማታ የፊልሞን በር ተንኳኳ። ሲከፍት ብርሃነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ቆማለች።

«እመጣለሁ ብዬህ አልነበር?» አለችው።

ያኔውኑ አባቷ ዘንድ ማን ሽማግሌ ይሂድ ብለው መከሩ። በጥር ተጋቡ።