ሐጃ ከድጃ ያስጠበቁኝ ቁልቋል

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ወደ ሌላ ጨዋታ የምዞር ሰው ነኝ፣ ጂን መኖሩን ቁርአን ነግሮናልና አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ የእከሌን በር ሲያንኳኳ፣ የእከሊትን ድስት ሲገለብጥ ይውላል ሲሉኝ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፤ ሥራዬ የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ነው፣ እኛ ጅዳ ውስጥ መከይፍ የምንለውን፣ እና መከይፍ የሚያስተምራችሁ አንድ ነገር ቢኖር የሚንኳኳ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ የላላ ብሎን እንዳለው ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የኋላውን ስትሰሙ «ሰዒድ ድሮም ነካ ያደርገው ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከደሴ ወጥቼ በጅቡቲ አድርጌ ጅዳ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ፎቅ ጣራ ላይ ያለች ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በኪሴ ነው፣ ሥራ አይጠፋም፣ ወላሂ ደስተኛ ነበርኩ። የጎደለችኝ ሰዓዳ ብቻ ነበረች። ሰዓዳን ያገኘኋት መካ፣ ነካሳ ሰፈር፣ የእናቷን መከይፍ ልሠራ ሄጄ ነው፤ ባትሪ አብሪልኝ ስላት ብርሃኑን ብሎኑ ላይ ማድረጉን ትታ ፊቴ ላይ እያደረገች አስቸገረችኝ፣ እኔም የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሦስት ቀን ፈጀሁበት።

እናቷ ሐጃ ከድጃ ከወሎ ሄደው መካ ከኖሩ ቆይተዋል፣ ባለቤታቸው ይማም ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ የሄድኩ ቀን ሐጃ ረጋ ብለው አዩኝ።

«ደህናው ዘመን ቢሆን ደሴ ሰው ልኬ ዘርህን፣ ጠባይህን አስጠይቅ ነበር» አሉ። «አሁን ደብዳቤው ሁሉ ተከፍቶ ነው የሚነበበው። ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን ይጠይቁኝ፣ ሐጃ» አልኩ።

«አንተማ ጥሩ ነኝ ትላለህ» ብለው ሳቁና ወደ በረንዳው ወሰዱኝ።

በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ቁልቋል ነበር። አገር ቤት አጥር የምናጥርበት ወተታሙ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄኛው ያለ ቅርንጫፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የተሸነተረ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ ነው። ይማም በሕይወት ሳሉ ከጎረቤት ስንዝር የምታህል ቁራጭ ለምነው አምጥተው ያሳደጉት ነው።

«ይሄን ዓመት ጠብቀህ አምጣልኝ» አሉ። «ፀሐይ ያግኝ፣ አሸዋው ደርቆ ሲሰነብት ትንሽ ውሃ፣ በብርድ ወራት ጭራሽ ምንም። ይሄ ነገር የሚሞተው በሚነካካው ሰው እጅ ነው። ተወው ሲባል የሚተው ሰው መሆንህን ልይ። ከሞተ ግን በዚህ በር እንዳላይህ፣ ኸላስ።»

ሰዓዳ ከመጋረጃው ኋላ፣ «ያ ሰዒድ፣ ትሰማለህ? ኢንሻአላህ ብለህ እንዳታልፈው፣ እሺ በል!» አለች።

እሺ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ እንደታዘዝኩት ያዝኩት፣ ከክፍሌ በር አጠገብ አቁሜ፣ ጠዋት ስወጣ አሰላሙ ዓለይኩም እያልኩት ሁሉ፣ ከጫፉ አዲስ እሾህ ብቅ ሲል ባየሁ ቁጥር ሰዓዳ አንድ እርምጃ የቀረበችኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የብርዱ ወራት ገባና ሞኝነቴም አብሮ ገባ። ከመካ በጀሪካን ያመጣሁት የዘምዘም ውሃ ነበረኝ፣ ለታመመ ሰው የሚበጅ ውሃ ለቁልቋልማ እንዴት ይጎዳል ብዬ በየሳምንቱ አንድ አንድ ብርጭቆ አፈሰስኩለት፤ ሐጃ የከለከሉኝ ውሃ ነው እንጂ በረካ አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራክሬ ራሴን ረታሁ። በሁለተኛው ወር የግንዱ ሥር ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በጣቴ ስጫነው እንደ በሰለ ሙዝ ስርጉድ አለ።

ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞረም። ሐጃን ብጠይቅ አለቀልኝ፣ ሰዓዳን ብጠይቅ ከእናቷ ላጣላት ነው፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለኝም፣ እና ሰዓዳ በዓይኔ እያየኋት ከሥሯ እየበሰበሰች ከእጄ የምትወጣ መሰለኝ።

ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሰላት ተመልሼ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ያለውን የጣራውን የብረት በር በጣራው በኩል ቀርቅሬ፣ ከክፍሌ ውጭ ቁጭ ብዬ ሀብሐብ በላሁና ቢላዋውን መስኮቱ ደፍ ላይ ትቼ ገባሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ሰፈሩ በሙሉ ይተኛል፣ መኪና እንኳ አይሰማም። የሰው መከይፍ ሲጠግን የሚውለው ጌታው የራሱ ከተበላሸበት ወር ሆኖት ነበርና (ሳቁ፣ ሰዓዳም ትስቅብኛለች) ክፍሏ ጸጥ ብላለች፣ በሩን ለነፋስ ከፍቼ መጋረጃውን ለቅቄ ጋደም አልኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ነው፣ ቀርርር፣ ዝም፣ ደግሞ ቀርርር። ድመት ናት አልኩ፣ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ የምትጎትት ድመት እንደሌለች ግን አውቃለሁ። ቀጥሎ ሳል መጣ፣ ደረቅ፣ አጭር ሳል፣ ሥራ የያዘ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግበት ዓይነት። ቀጥሎ ዱባ ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ከመጋረጃው ሥር ጥላ ወዲህ ወዲያ ሲል አየሁ። ተነስቼ ማየት ነበረብኝ፣ እመኑኝ ሌባ ቢሆን እነሳ ነበር፣ ግን ኮቴው የሌባ አልነበረም፣ የባለቤት ነበር፤ በሰው ቤት ሳይፈቀድልኝ የተኛሁ ያህል አፈርኩ፣ አዎ፣ ከፈራሁት ይልቅ ያፈርኩት ይበልጣል፣ ከተጋደምኩበት አልተነሳሁም።

የዐስር፣ የከሰዓቱ ሰላት፣ አዛን ሲጠራ ወጣሁ። ማንም የለም፣ መቀርቀሪያው እንደዘጋሁት ነው። ቁልቋሉ ከበሰበሰው በላይ ተቆርጦ ጥላ ውስጥ በጋዜጣ ላይ ተጋድሟል፣ የበሰበሰው ጉቶ ለብቻው ተጥሏል፣ ቁስሉ ላይ አመድ ተነስንሷል። ቢላዋዬ ዝልግልግ ብሏል። እኔ የማበስለው በጋዝ ነው፣ በዚያ ጣራ ላይ አንዲት ቁንጥር አመድ አልነበረችም።

ምን አደረግሁ? ተውኩት፣ ያን ቀን ከልቤ ተውኩት። በሦስት ሳምንት ቁስሉ ጠገገ፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ አቆምኩት፣ ቆይቶ ሥር ሰደደ፣ ዓመቱ ሲሞላ በሰው ፒክአፕ ጭኜ ነካሳ ደረስኩ።

ሐጃ ቁልቋሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። «አጥሯል» አሉ። ቆርቆሮውን አጋደሙና ግንዱን በታጠፈ ጋዜጣ ይዘው ከአሸዋው ነቀሉት፣ ከሥሮቹ መሐል ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ» አልኩ። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሌላ ምን ልበል?

«ምን ነሰነስክበት?»

«አመድ።»

ሀብሐብ አስመጡና ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። ቆረስኩ። ዓይናቸው ከቀኝ እጄ ላይ አልተነሳም።

«ይሄ ጠባሳ ወደዚያ ነው የተዘቀዘቀው» አሉ ቀስ ብለው። «ይማም ግራ እጁ ነበር የሚቀናው፣ የሚመቸው መቀስ አጥቶ ሲቸገር ነው የኖረው። የቁልቋል ቁስል ላይ አመድ የሚነሰንስም ከእሱ ሌላ አላውቅም። አንተ ልጅ፣ ማን ቆረጠው?»

ነገርኳቸው፣ ከዘምዘሙ ጀምሬ እስከ ሳሉ። ይቆጡኛል ስል ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ።

«አስተግፊሩላህ፣ የሞተ አይመለስም፣ አውቃለሁ» አሉ። «ግን አሥር ዓመት አንድ ቀን እኔን ብሎ ሳይመጣ፣ ለአንተ መጣ? በል፣ ልጄን ውሰዳት። እሱ ከወደደህ እኔ ምን እላለሁ።»

ደስታዬና እፍረቴ አንድ ላይ መጡብኝ፣ የምቀበለው ሙሽራ ነው ወይስ የሰው ሐዘን ለይቼ አላውቅም ነበር።

ከኒካሑ በኋላ ቁልቋሉ ከሰዓዳ ጋር ወደ በግዳዲያ ተመለሰ። መከይፌንም ጠገንኩ፣ ሙሽራ በላብ አይያዝማ። ሐጃ ግን ዓርብ ዓርብ መምጣት ጀመሩ፤ ሐረም መስጊድ ሰግደው በመኪና ይመጡና፣ ምንጣፋቸውን ቁልቋሉ አጠገብ ጥላ ላይ ዘርግተው፣ «ያላ፣ እናንተ ግቡና ተኙ» ይሉናል። በዐስር ሰላት ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በላብ ርሰው ይገባሉ። እንዲህ ሲሉ አራት ወር ሆነ።

አንድ ዓርብ ግን ፊታቸው ፈክቶ ገቡ። እንደ ልባቸው በሉ፣ በእኔ ሆድ መውጣት ቀለዱ፣ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ «ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ አትጠብቁኝ» አሉ።

«ሐጃ፣ ምን አዩ?» አልኳቸው።

«አንተስ መጀመሪያ ስጠይቅህ እውነቱን ነገርከኝ?»

ሰዓዳ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ሳቅሁ። ጥሩ ቀን ነበር።

ለሰዓዳ እስከ ዛሬ ያልነገርኳት ግን አለ። ያን ቀን ሐጃ ገና ሳይገቡ፣ እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት መከይፉን አጥፍቼ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ሐጃ ውጭ በዝግታ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ «እሱስ ልክ ነህ» ብለው ይስቃሉ፤ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ዱዓ እያደረጉ ነው እንዳልል ዱዓ እንዲህ አይሳቅበትም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሳልንቀሳቀስ እንደተኛሁ፣ ሐጃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀስ በል፣ ልጁ አልተኛም» አሉ። መከይፉ ጸጥ ሲል ነቅቷል ብለው ገምተው ነው፣ ይሄ ይገባኛል፣ ሙያዬ ነው፤ ቀስ በል የተባለው ማን እንደሆነ ግን ሙያዬ አልነገረኝም። እጄን ዘርግቼ መከይፉን መልሼ አበራሁት፣ ጨዋታቸውን እንዲጨርሱ።