መርፌ በከንፈሯ የያዘችበት ፎቶ

ታንኳው ከዳር ሲላቀቅ ጎርፉ አሽከረከረው። አናጢው መቅዘፊያውን እንደጨበጠ ወደ ፊት ተደፋ፤ በላስቲክ የጠቀለለውን ስልክ ግን ከደረቱ አልለቀቀም።

«ስልኩን ተውና ቅዘፍ!» ጮኸ አጎቱ ከኋላ።

ወንዙ ቀዬውን ጠራርጎ ከወሰደ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ የደረሰችበት አልታወቀም። አናጢው የጠፉ ሰዎች በሚፈለጉበት የፌስቡክ ገጽ ላይ በሠርጓ ቀን ተኳኩላ የተነሳችውን ፎቶ መርጦ ለጠፈ። «አይዞህ» የሚለው በዛ እንጂ አየኋት ያለ አልነበረም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ሌላ ፎቶ ለጠፈ፤ ሜትር አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ። ወዲያው አንዲት ነርስ ጻፈችለት፦ «ከጫካው ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ አለች። ድንኳናችንን የምትጠግንልን እሷ ናት። ነገ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩን ነውና ፍጠን።» ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ዝናቡ ዓይን አላስገልጥ አለ። መሐል ወንዝ ላይ ግንድ የመሰለው ነገር አፉን ከፈተ። አዞ! አናጢው በመቅዘፊያው አፍንጫውን መታው። አዞው ጠለቀ፣ መቅዘፊያው ግን ለሁለት ተሰበረ፤ በቀረችው ግማሽ እየቀዘፉ ዳር ወጡ።

ጫካው ውስጥ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ቆመጥ ይዘው መንገድ ዘጉባቸው።

«ስልኩን ወዲህ በል!»

ሰው ፊት መናገር የሚያፍረው አናጢ ስልኩን ከላስቲኩ አወጣ። ከዚያ ፎቶውን ከፍቶ ፊታቸው ላይ ደገነው። «እህቴን ሳላገኝ አልሰጥም!»

አንደኛው ጎንበስ ብሎ አየና ቆመጡን ዝቅ አደረገ። «እንዴ! ይቺ ትናንት እጅጌዬን የሰፋችልኝ እትዬ አይደለችም?»

«ታዲያ መንገዱን አታሳየንም?» አለ አጎቱ። «ወይስ ሄጄ ስፌቱን ፍቺው ልበላት?»

ጎረምሳው እየሳቀ ከፊት ቀደመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮረብታው ላይ ወጡ። እህቱ የተቀደደ ድንኳን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሰፋ ነበር። መርፌዋን ጥላ ተጠመጠመችበት፤ አለቀሰች። የለጠፈውን የሠርግ ፎቶ ሲያሳያት ግን በሳቅ ፈነዳች።

«አንተ! በዚህ ሰው ያውቀኛል ብለህ ነው? ያን ቀን እኮ እማዬ ራሷ ሙሽራዋ የታለች ብላለች!»

ነርሷ ዘመዶቻቸው እንዲያገኟቸው፣ ኔትወርክ ሲመለስ የሚለጠፍ ፎቶ በመጠለያው ላሉት ሁሉ እንዲያነሳ ለመነችው። ወሬው ሲሰማ ሴቶቹ ማበጠሪያ ይሻሙ፣ ወንዶቹ ሸሚዝ ይዋዋሱ ጀመር። ያ ዓይን አፋር አናጢ ሳጥን ላይ ወጥቶ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ኧረ ማበጠሪያውን አስቀምጡ! የቤት ሰው የሚያውቀውን ፊት ነው የምፈልገው!»